የዴቢትና ክሬዲት ትምህርት

ከልደታ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰንጋ ተራ፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው ግቢ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተው ይህ ተቋም ለብዙ ወጣቶች የሒሳብ አያያዝና የጸሐፊነት ሙያ አስተምሯል፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ የማደንቀው ዴቢትና ክሬዲትን ነው። ባለሱቁ የ1,000 ብር ስኳር በዱቤ ቢረከብ፣ ዕቃው በግራ (ዴቢት)፣ ዕዳው በቀኝ (ክሬዲት) ይመዘገባል። ሁለቱ ካልተመጣጠኑ ስሕተት አለ፤ ተማሪውም ምንጩን ሳያገኝ አያርፍም። ታማኝነት በተግባር የሚለመደው እዚህ ላይ ነው። የዕቁብ ሰብሳቢም ሆነ የእድር ገንዘብ ያዥ ይህ ዕውቀት ያስፈልገዋል። ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝን እንዲወድ አበረታቱት።