«የሕዝብ» የተባለው ደራሲ፤ ከአንድ የካናዳ አልበም እስከ ወይጦ ሸለቆ

በ1996 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፣ አንዱ ስለ ሌላው ምንም የማያውቁ ሁለት ሥራዎች ታትመው ወጡ። አንደኛው በአዲስ አበባ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሁለተኛው ኬ. ዲ. ላንግ የተባሉት ካናዳዊት ድምፃዊት «የ49ኛው ኬክሮስ መዝሙሮች» በሚል ስም ያወጡት አልበም ነው። አዋጁ ዜማና ግጥም የደረሰ ሰው በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ እስከ 50 ዓመት ድረስ በሥራው ላይ ያለው መብት እንዲጠበቅ ያዝዛል። አልበሙ ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ይህንኑ በክብር ረገድ ይፈጽማል፤ ስማቸው የታወቀ ድምፃዊት የራሳቸውን ድርሰት ወደ ጎን ብለው የአገራቸውን ደራስያን ዘፈኖች ሰብስበው ዘፈኑ። ለኢትዮጵያ የዘፈን ጥናት ከሁለቱ ይበልጥ የሚጠቅመው አልበሙ ሳይሆን አይቀርም። አዋጅ ለባለመብቱ ስም ቦታ ያዘጋጃል እንጂ፣ መንደር ወርዶ «ይህን የደረሰው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአዋጅ አይገኝም።

በአልበሙ ውስጥ 11 ዘፈኖች ይገኛሉ። ከኒል ያንግ፣ ከጆኒ ሚቸል፣ ከሌናርድ ኮኸንና ከጄን ሲበሪ ሁለት ሁለት፣ ከብሩስ ኮክበርንና ከሮን ሴክስሚዝ አንድ አንድ ተወስደዋል፤ የቀረው አንዱ ድምፃዊቷ ራሳቸው ከዴቪድ ፒልች ጋር የደረሱት ነው። የራስን ሥራ ከታላላቆቹ ጎን ማሰለፍ ለሐሜት የሚያጋልጥ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ዘፈኑ ጨዋና ቁጥብ ስለሆነ ድፍረቱ ብዙ አያስቀይምም። ላንግ ያደጉት በአልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ኮንሶርት በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አልበሙም ስሙን ያገኘው በምዕራብ በኩል ካናዳን ከአሜሪካ ከሚለየው፣ በካርታ ላይ በማስመሪያ ከተሰመረው ወሰን ነው።

የአዘፋፈኑ መንገድ ቀረብ ተብሎ ሊመረመር የሚገባው ነው። ፒያኖና ጊታር ፊት ፊት ይሄዳሉ፤ ከበስተኋላቸው ብራዚላዊው ኤውሚር ዴኦዳቶ ያቀናበሩት የባለ አውታር መሣሪያዎች ድምፅ ይሰማል። ሂደቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝግ ያለ ስለሆነ፣ ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ዘፈን በኋላ ጆሮ የሆነ ለውጥ መመኘቱ አይቀርም። ሆኖም ዝግታው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ላንግ የኒል ያንግን ቀጭን ድምፅ አልቀዱም፤ የኮኸንን ጎርናና፣ ንባብ የመሰለ አዘፋፈንም አልመሰሉም። ዜማውን መጀመሪያ ከዘፈነው ሰው ጉሮሮ አላቀው፣ የራሳቸውንም ድምፅ ገታ አድርገው፣ በመካከል የቀረውን ነገር ለሰሚው አስረከቡ። የቀረውም ድርሰቱ ነው። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት «ሃሌሉያ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ዘፈኑ ዓለምን የዞረው ይበልጡን በሌሎች ሰዎች ድምፅ ነው፤ ጆን ኬል በ1991፣ ጄፍ በክሊ በ1994፣ ከዚያም ብዙዎች ዘፍነውታል፤ ላንግም በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ አሰምተውታል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የኮኸን ስም ከዘፈኑ አልተለየም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ልማድ ከዚህ ይለያል። ዘፋኝ ለመሆን የተነሣ ወጣት በምሽት ክበብ መጀመሪያ የሚፈተነው የጥላሁን ገሠሠን ወይም የመሐሙድ አሕመድን ዘፈን በማሰማት ነው፤ የሚመሰገነውም ድምፁ፣ አተነፋፈሱና የእጁ እንቅስቃሴ ሳይቀር የባለቤቱን ሲመስል ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ ክብር መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን ክብሩ የሚደርሰው ለዘፋኙ ነው። ጥላሁን በ2001 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ በየመድረኩ ሲዘፈኑለት በቆዩት ዘፈኖች ላይ «የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ሁልጊዜ «የጥላሁን» ነው። በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ዜማ ያወጡ የነበሩት እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያሉት ሰዎች ስም በሙያው ውስጥ ከሚኖሩት አልፎ ብዙም አይሰማም። እርግጥ ነው፣ የካሴት ዘመን አንድ መልካም ነገር አስለምዷል፤ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ በልባሱ ላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። በዚያው ቦታ ላይ ግን «የሕዝብ» የሚል ቃልም ይገኛል፤ ስለዚህ ቃል ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ካናዳው አልበም መንፈስ በጣም የቀረበው ኢትዮጵያዊ ሥራ የመጣው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። አቶ ግርማ በየነ በአምሐ እሸቴ ሸክላ ቤት ዘመን፣ ማለት ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ፣ በፒያኖ ተጫዋችነት፣ በዜማ ደራሲነትና በአቀናባሪነት ብዙ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። ከአለማየሁ እሸቴ ጋርም በሁለቱ ስም የተጠራ ባንድ አቋቁመው ነበር። በራሳቸው ድምፅ የተቀዱት ዘፈኖች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዚያው ቀሩ፤ ለብዙ ዓመታትም ከሙዚቃ ርቀው ኖሩ። ከተመለሱ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 30ኛው ቅጽ በእርሳቸው ስም ወጣ። ርእሱ «ሆን ተብለው የተሠሩ ስሕተቶች» የሚል ነው። አጃቢዎቹ ስማቸውን ከጌታቸው መኩሪያ አንድ ዜማ የወሰዱት፣ «አካሌ ውቤ» የተባሉት የፓሪስ ሙዚቀኞች ናቸው። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ»ን የመሰሉት የወጣትነት ዘፈኖቻቸው በዚህ አልበም እንደገና ተዘፍነዋል።

ድምፃቸው በዕድሜ ሳስቷል፤ አንዳንድ ቦታ ከዜማው ጋር መንገድ ላይ የተገናኘ እንጂ አብሮት የተነሣ አይመስልም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ የቆጠረ ተቺ ግን ትልቁን ነገር ያጣል። ሰሚው የሚሰማው የዘፋኝ ጉሮሮ አይደለም፤ ከዘፋኙ ጀርባ ቆሞ የኖረ ሰው ወደ ፊት ወጥቶ «ይህ የእኔ ሥራ ነበር» ማለቱን ነው። ላንግ በራሳቸው ፈቃድ ወደ ኋላ ሸሽተው ደራሲውን ወደ ፊት ያመጡበትን ሥራ፣ እዚህ ደራሲው ራሱ በስተርጅና ሊሠራው ግድ ሆነበት። የረዱትም የአገሩ ልጆች ሳይሆኑ ፈረንሳውያን መሆናቸው ሊያስተክዝ ይገባል።

እዚህ ላይ የካናዳው አልበም ያለበትን ጉድለት ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። የአገርን ደራስያን ለማክበር የተነሣ ሥራ ሁሉ ሳያውቀው ወሰን ያሰምራል። በላንግ አልበም ውስጥ የተዘፈነው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተደረሰ ነው። እንደ ፌሊክስ ሌክሌርና ዢል ቪኞ ያሉ ታላላቅ የኬቤክ ዘፋኝ ደራስያን በፈረንሳይኛ የደረሱት አልገባም፤ ፈረንጆች ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ላይ የነበሩት ሕዝቦች ዘፈንም የለም። ወሰኑ ራሱም ቢሆን ከእውነቱ ጋር በደንብ አይገጥምም። የኮኸን የትውልድ ከተማ ሞንትሪያልና ኒል ያንግ የተወለዱባት ቶሮንቶ ሁለቱም የሚገኙት ከ49ኛው ኬክሮስ በስተደቡብ ነው! ይህ ነቀፌታ ድምፃዊቷን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ነገ አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ እንዲህ ያለ አልበም ለማዘጋጀት ቢነሣ የደራስያኑ ዝርዝር ከአማርኛ፣ ምናልባትም ከኦሮምኛና ከትግርኛ ሳያልፍ የሚያልቅ ይመስላል። ከደቡብ አንድ ዘፈን ቢገባበት በፊቱ የሚጻፈው የሰው ስም አይሆንም፤ «የሕዝብ» ነው። የቃሉን ክብደት ለመመዘን ከአዲስ አበባ ርቆ ወደ ደቡብ ኦሞ መውረድ ያስፈልጋል።

ከኮንሶ ወደ ጂንካ የሚወስደው መንገድ ከደጋው ቁልቁል ወርዶ የወይጦን ሸለቆ ያቋርጣል። (ይህ ወይጦ ወደ ጨው ባሕር የሚወርደው ወንዝና በዳሩ ያለችው ከተማ ስም ነው፤ በጣና ዳር ከሚኖሩት ወይጦ ከሚባሉት ሰዎች ጋር መምታታት የለበትም።) ሸለቆው የፀማይ አገር ነው። ፀማይ የሚናገሩት ቋንቋ ከኩሽ ወገን ሲሆን፣ የጎረቤቶቻቸው የበናና የሐመር፣ በጂንካ ዙሪያ የሚኖሩት የአሪም ቋንቋ ከኦሞአዊው ወገን ይመደባል። ስለዚህ ወይጦን መሻገር ከአንድ የቋንቋ ዓለም ወደ ሌላ መሻገር ነው። በዚህ መንገድ የአዲስ አበባ ዘፈን በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድም ቢያንስ የዘፋኙን ስም ይዞ ነው። በተቃራኒው ከሸለቆው ወደ ላይ የሚወጣው ዜማና ቃል የባለቤቱን ስም እዚያው ጥሎ ይወጣል። «እቫንጋዲ» የሚለው የሐመር ቃል ወጣቶች በሌሊት ተሰብስበው የሚጨፍሩትን ጭፈራ የሚያመለክት ነው። ፍቅረማርቆስ ደስታ ለልቦለዳቸው ርእስ አደረጉት፤ በከተማ ዘፈንም ውስጥ ገባ። ዛሬ ቃሉን የማያውቅ የከተማ ወጣት ጥቂት ነው፤ በእቫንጋዲ ጭፈራ መካከል ዘፈን የሚያወጣ የአንድ ሐመር ሰው ስም ግን የሚያውቅ ቢፈለግ አይገኝም።

«የሕዝብ» የሚለው መለያ በራሱ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በአርባ ምንጭ በላይ በተራራው የሚኖሩት ዶርዜዎች ብዙ ድምፆችን አንዱን በሌላው ውስጥ እየሸመኑ ይዘፍናሉ፤ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቀድተው በሸክላ ያወጡት ይህንኑ ነው። እንዲህ ባለው አዘፋፈን ዘፈኑ የሚቆመው በተሰበሰቡት ሰዎች ሁሉ ስለሆነ፣ የአንድ ሰው ስም ነጥሎ መጻፍ ስሕተት ይሆናል። የሐመር ልጅ ከብት በሚዘልበት ሥርዓት ላይ ዘመዶቹ የሆኑት ሴቶች ጥሩምባ እየነፉ፣ በእግራቸው ያሰሩትን ቃጭል እያንኳኩ የሚዘፍኑትም እንደዚሁ የብዙዎች ነው። በእነዚህ ላይ «የዶርዜ»፣ «የሐመር» ብሎ መጻፍ የሚያስነቅፍ አይደለም።

የበሬ ዘፈን ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከጂንካ ባሻገር፣ በኦሞ ወንዝ አቅራቢያ የሚኖሩትን ቦዲዎች ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ አንድ የቦዲ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንድ የከብት መልክ ጋር ይተሳሰራል። ያ መልክ ከስሙ፣ ከአንገቱ ጌጥና ከሚወደው በሬ ጋር አንድ ይሆናል፤ ለዚያም በሬ ይዘፍንለታል። እንዲህ ያለውን ዘፈን ደራሲ የለውም ማለት እንደምን ይቻላል? የበሬው መልክ የባለቤቱ መለያ ከሆነ፣ ዘፈኑ በውስጡ የባለቤቱን ስም ተሸክሟል ማለት ነው። በካሴት ልባስ ላይ በደቃቅ ፊደል ከሚጻፈው ስም ይልቅ ይህ የጸና ፊርማ ነው። ዘፈኑን የሚቀዳ እንግዳ ቋንቋውን ባለማወቁ ፊርማውን ሳያነብ ይቀርና «የሕዝብ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ቃሉ ስለ ዘፈኑ ባለቤትነት የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚናገረው ሰብሳቢው ሳይጠይቅ መሄዱን ነው።

የባለቤትነት አስተሳሰብ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና በቃል በሚኖር ዘፈን ላይ ሊጫን አይገባም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው በከፊል ትክክል ነው። የቃል ዘፈን በየዘፋኙ አፍ ይለወጣል፤ ዛሬ የተቀዳው ዓምና ከተዘፈነው አንድ ላይሆን ይችላል፤ የአዋጁ 50 ዓመትም ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር ማወቅ ያስቸግራል። ይህ ችግር ግን ስም ለመዝለል በቂ ምክንያት አይሆንም። ይልቁንም ሁለት ስም መጻፍ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ የመጀመሪያው ዘፈኑ የእርሱ ነው የሚባለው ሰው ስም፣ ሁለተኛው በተቀዳበት ቀን የዘፈነው ሰው ስም። ኬ. ዲ. ላንግ ያደረጉትም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

በሐመር ጥናት ለዚህ የሚሆን አብነት ከተገኘ ቆይቷል። ዣን ሊዶልና ኢቮ ሽትሬከር እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ሐመር ሦስት ቅጽ መጻሕፍት ሲያሳትሙ፣ ሁለተኛውን ቅጽ አይኬ በሪናስ የተባሉት የሐመር ሰው በተናገሩት ቃል ሞሉት። ለርእሱም የሰጡት ተናጋሪው በአገራቸው የሚጠሩበትን፣ ከከብት መልክ የተወሰደውን የክብር ስም ነው፤ «ባልዳምቤ ያብራራል» ይላል። ለዘፈን መዝገብም ከዚህ የሚበልጥ ድካም አይጠይቅም፤ የባለ ዘፈኑ የትውልድ ስም፣ የበሬ ስሙ፣ መንደሩ፣ ዘፈኑ የተቀዳበት ቀን፣ ሌላ ሰው ዘፍኖለት ከሆነም የዚያ ሰው ስም፤ ለሁሉም አምስት መስመር ይበቃል።