ቃታና ቃል፤ ስለ አሮጌ ሽጉጦች አድናቆት የቀረበ ሂስ

መሣሪያን ማድነቅ በአገራችን የቃል ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። ፉከራውና ቀረርቶው ጀግናውን ከፈረሱና ከጠመንጃው ነጥሎ አያወድስም። ከባሕር ማዶ የመጣውንም ብረት ሕዝቡ በራሱ አንደበት አስተካክሎ ሰይሞታል፤ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ፣ «ሌቤል» ለበን፣ የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ምንሽር ተብለዋል። በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በገለምሶም ሆነ በበዴሳ፣ በበርጫ ላይ የድሮ መሣሪያ ጨዋታ ሲነሣ እነዚሁ ስሞች ከነማዕረጋቸው ይጠራሉ። ሂስ ሊጠይቅ የሚገባው፣ መሣሪያን ስናደንቅ በእርግጥ የምናደንቀው ምኑን ነው? የሚለውን ነው።

ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው አሮጌ መሣሪያዎች መካከል በአውራ ጣት እየተወጠረ የሚተኮሰው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የአሜሪካው ኮልት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ይሆናል። ተኳሹ በመጀመሪያ መምቻውን በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይስባል፤ በዚህም ጥይት የጎረሰው ተሽከርካሪ ክፍል አንድ ቤት ዞሮ ጥይቱን ከአፈሙዙ ትይዩ ያቆማል። የቃታው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የተወጠረውን መምቻ ይለቃል። ለሚቀጥለው ጥይት እንደገና መወጠር ግድ ነው። የመሣሪያ ወዳጆች ክብ ሠርተው ሲመለከቱት የብረቱን ስምምነት፣ የእጀታውን እንጨት፣ የተቀረጸውን ቁጥርና የሠሪውን ማኅተም ያደንቃሉ። ይህ አድናቆት የሚናቅ አይደለም፤ የእጅ ሙያን የሚያከብር ዐይን አለበትና። የጥበብ ሰው ዐይን ግን ከዚህ አልፎ፣ በመወጠርና በመልቀቅ መካከል ባለችው ቅጽበት ላይ ማረፍ ይኖርበታል። ሰው የሚወስነውም፣ የሚጸጸተውም በዚያች ቅጽበት ነውና ድራማ የሚኖረው እዚያው ነው።

የሰብሳቢዎች አድናቆት ወዴት እንደሚያደርስ አንድ ሽጉጥ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1873 በብራስልስ ከተማ፣ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ፖል ቬርሌን በዚያው ዕለት በ23 ፍራንክ በገዛው 7 ሚሊ ሜትር ሌፎሼ ሽጉጥ ወዳጁን አርተር ራምቦን ተኩሶ የግራ እጁን አንጓ አቆሰለው። ቬርሌን ሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ራምቦ በበኩሉ በዚያው ዓመት «አንድ ወቅት በሲኦል» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። ያ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በፓሪስ ለጨረታ ቀርቦ 434,500 ዩሮ ተሸጧል። የዋጋው ልዩነት የብረት ልዩነት አይደለም፤ በብረቱ ላይ ያረፈው የቃል፣ ማለትም የግጥሙ ዋጋ ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ራምቦ ብዕሩን ገና በወጣትነቱ አስቀምጦ ነጋዴ ሆነ፤ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ ለንጉሥ ምኒልክ ሸጠ። በ1879 ዓ.ም.፣ የጨለንቆ ጦርነት ከተካሄደ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲመለስ ያለፈው በዚሁ በጨርጨር ደጋ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የአንድ ባለቅኔ አንጓ ያቆሰለው ሽጉጥ በክብር ለጨረታ ሲቀርብ፣ ባለቅኔው ራሱ ያስመጣቸውን ጠመንጃዎች ግን በዚያ ሚዛን የመዘናቸው የለም። አድናቆት የሚመርጠውን ያህል የሚዘነጋውም አለ።

የአፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ደግሞ ከዚህ የከበደ ትርጉም አለው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንሲሏ ለፕላውደን ስለተደረገለት ደግነት ምስጋና አስቀርጻ የላከቻቸውን ሽጉጦች ካሜሩን እ.ኤ.አ. በ1862 አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ሽጉጡ ደርሷል፤ የደብዳቤው መልስ ግን በጊዜው አልደረሰም። የመቅደላ መከራ መነሻ ከሆኑት አንዱ ይህ የቃል መጥፋት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከንግሥቲቱ በተበረከተላቸው ሽጉጥ እንደሆነ ይነገራል።

ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ቴዎድሮስን ወደ ድራማ አምጥተዋል። ይህን ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ተዋናይ የሚፈተነው በተኩሱ ድምፅ አይደለም። ተመልካቹን በጩኸት ማስደንገጥ ቀላል ነው፤ በዚያ እጅ ውስጥ ያለው ብረት ስጦታ እንደነበረ፣ ስጦታውም መልስ ያልተከተለው እንደነበረ ማሳየት ግን ጥበብ ይጠይቃል። ይህ የጎደለው አዘጋጅ ሽጉጡን ጌጥ፣ ሞቱንም ትርኢት ያደርገዋል።

በዚህ ረገድ የጭሮ ከተማ የራሷ ምሳሌ አላት። የጨርጨር ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው ያቀኗት፣ የግርማቸው አባት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሩሲያ የመድፍ ትምህርት የተማሩ የጦር ሰው ነበሩ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት የሚባለው «ፋቡላ» የእኚሁ መድፈኛ ሥራ ነው። ራምቦ ከቃል ወደ ብረት ሄደ፤ ተክለ ሐዋርያት ከብረት ወደ ቃል መጡ።

ይህ ንጽጽር ለዛሬው የኪነት ሰው ባዶ ጨዋታ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ የምዕራብ ሐረርጌ ቆላም የዚህ መከራ ተካፋይ ነበር። በሚኤሶ ወይም በጭሮ መድረክ ላይ ሽጉጥ የሚያወጣ ተዋናይ ፊት የተቀመጠው ተመልካች የጥይትን ድምፅ ከቴአትር የተማረ አይደለም። ስለሆነም መምህሩ የድሮ መሣሪያ ሲያሳይ ከነታሪኩ ያሳይ፤ ገጣሚው ውጅግራን ሲያነሣ የወደቀውንም ያንሣ፤ አዘጋጁም መምቻው ከተወጠረ በኋላ፣ ቃታው ከመሳቡ በፊት ያለውን ዝምታ አይዝለል። አንድ ቃል ሊያድን የሚችለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ብቻ ነው።