ቲኬት የገዛው ታዳሚ፦ የቦብ ዲላን የ1979 የሳን ፍራንሲስኮ ኮንሰርቶችና የአድናቂዎች ምስክርነት

በሳን ፍራንሲስኮ ማርኬት ጎዳና ላይ ያለው ዋርፊልድ ቲያትር ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አሮጌ አዳራሽ ነው። ቦብ ዲላን ከኖቬምበር 1 እስከ 16፣ 1979 ባሉት ቀናት በዚህ አዳራሽ 14 ምሽት ተጫወተ (ዓመተ ምሕረቱ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ14ቱም ምሽት ስሙን ካስጠሩት የቀድሞ ዘፈኖቹ አንዱን እንኳ አልነካም። ያቀረባቸው 17 ዘፈኖች በሙሉ አዲስ ነበሩ። ዘጠኙ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በወጣው «ስሎው ትሬይን ከሚንግ» አልበም ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ስምንቱን ግን ታዳሚው ከዚያ በፊት በጆሮው ሰምቷቸው አያውቅም። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ዘፋኙ ክርስቶስን ስለማግኘቱ።

እነዚያን ምሽቶች ለማጥናት የጋዜጣ ሂስ አለ፣ የአንድ ብርቱ አድናቂ መጽሐፍ አለ፣ ድምፁም ራሱ ተቀርጾ ተቀምጧል። ሦስቱ አይስማሙም። ጋዜጣውን ያነበበ ሰው አንድ የከሸፈ ትርኢት ያገኛል፤ ቅጂውን የሰማ ደግሞ ዲላን በዘመኑ ሁሉ ካሰማቸው ምርጥ ምሽቶች አንዱን። በእኔ እምነት ልዩነቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአድናቂ የመጀመሪያ ስሜት አዲስ ዘፈንን ለመመዘን ደካማ ማስረጃ ነው፤ አድማጩና ዘፋኙ ሳይጽፉ የተዋዋሉትን ውል ለማጥናት ግን ወደር የለውም። የዋርፊልድ ታዳሚ የሰጠው ምስክርነት በዚህ መንገድ ሲነበብ ብዙ ይናገራል።

ታዳሚው አዳራሹ የገባው ዜናውን ሳይሰማ አልነበረም። ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ዘፋኝ ክርስቲያን መሆኑ በየጋዜጣው ተወርቷል፤ አልበሙም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከ 3ኛ ደረጃ ወጥቷል። እንዲያውም በነገሩ ውስጥ የአድናቂ እጅ ሳይኖርበት አልቀረም። ዲላን በ1978 ከመቶ በላይ ኮንሰርት ያሳየበት የዓለም ዙሪያ ጉዞ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ሳን ዲዬጎ ላይ ከታዳሚው መካከል አንድ ሰው ትንሽ የብር መስቀል ወደ መድረክ ወረወረ፤ ዲላንም ጎንበስ ብሎ አነሳው። ይህን የምናውቀው ራሱ ዲላን በዓመቱ እዚያው ከተማ ተመልሶ ከመድረክ ላይ ስለተናገረ ነው። በ1979 መጀመሪያ ወራት ካሊፎርኒያ ውስጥ በቪንያርድ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሚሰጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ተቀመጠ፤ ከዚያም አላባማ፣ መስል ሾልስ ሄዶ በጄሪ ዌክስለርና በባሪ ቤኬት አዘጋጅነት አልበሙን ቀረጸ። ስለዚህ ዲላን አማኝ ሆኖ መምጣቱ ማንንም አላስደነገጠም። ያስደነገጠው አሮጌው ዲላን ጨርሶ አለመምጣቱ ነው።

የመክፈቻው አቀራረብ ቀረብ ብሎ ማየት የሚገባው ነው። መብራቱ ሲጠፋ ሬጂና ሃቪስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ድምፃዊት ብቻዋን ትወጣና ተረክ ትጀምራለች። አንዲት አሮጊት ልጇ ዘንድ ለመሄድ ባቡር ጣቢያ ትመጣለች፤ ቲኬት የላትም። ተቆጣጣሪው አትሳፈሪም ይላታል። አሮጊቷ ትጸልያለች፤ ባቡሩም አልንቀሳቀስ ይላል። መጨረሻ ላይ ያው ተቆጣጣሪ፣ ቲኬትሽን ኢየሱስ ይዞልሻል፣ ግቢ ይላታል። ተረኩ ሲያልቅ ሄሌና ስፕሪንግስና ሞና ሊዛ ያንግ ይቀላቀሏታል፤ ሦስቱ በቴሪ ያንግ ፒያኖ እየታጀቡ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያከታትላሉ። ዲላን የሚታየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ቲኬቱን በገንዘቡ የገዛ ነው። የመጀመሪያው ቃል የተነገረው ግን ባቡር የሚያሳፍረው የተገዛ ቲኬት እንዳልሆነ ነው። ሆን ተብሎም ይሁን በአጋጣሚ፣ ምሽቱ የጀመረው ውሉን በመቅደድ ነው። ብዙዎች «ዲላን! ዲላን!» እያሉ የጮኹት ገና በዚህ ሰዓት ነው፤ አንድም አዲስ ዘፈን ሳይሰሙ ማለት ነው።

ወዲያው የወጣው ሂስ ምሕረት የለውም። ጆኤል ሴልቪን በ«ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል»፣ ፊሊፕ ኤልውድ በ«ኤግዛሚነር» የጻፉት ከርዕሱ ጀምሮ የቀብር ማስታወቂያ ይመስላል። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ ጸሐፊው ስላልተጫወተው ዘፈን ስንት ቃል እንዳወጣ፣ ስለተጫወተውስ ስንት እንዳወጣ መመርመር ደግ ነው። የዋርፊልድ ሂስ ቅሬታው የሚያተኩረው በሌለው ነገር ላይ ነው፤ አሮጌዎቹ ዘፈኖች፣ የቀድሞው ምፀት፣ የተቃውሞው ድምፅ። ድራሙን የያዘው ጂም ኬልትነር፣ ቤዙን የያዘው ቲም ድራመንድ፣ ኦርጋን ላይ የተቀመጠው ስፑነር ኦልድሃም በአሜሪካ የሶልና የሮክ ቀረጻ ስመ ጥር ሰዎች ናቸው፤ የነሱ አጨዋወት ግን በሃይማኖቱ ክርክር ተውጦ ቀርቷል። (የእኛ ሀገር የኮንሰርት ዘገባም ከዚህ ሕመም የጸዳ አይደለም። የሕዝቡን ብዛት፣ የድምፅ ማጉያውን ኃይልና የመግቢያ በሩን ግፊያ በዝርዝር ይነግረንና የትኛው ዘፈን እንዴት ተዜመ የሚለውን ይዘላል።)

ለአማርኛ አንባቢ ዘፋኝ ወደ መዝሙር ሲዞር ማየት ብርቅ አይደለም። ሙሉቀን መለሰ በዝናው ከፍታ ላይ ሳለ ዘፈን ትቶ ወደ ወንጌል መዝሙር ዞረ፤ በ2024 አሜሪካ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስም አድናቂዎቹ የቀድሞ ካሴቶቹን እያዳመጡ ኖሩ። ሂሩት በቀለም በዚያው መንገድ ሄዳለች። በነሱ ላይ የተሰማው ቅሬታ ቁጭት ነው እንጂ ተታለልን የሚል ክስ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ እኛ ዘንድ ዘፋኙ ሲዞር አዳራሹም አብሮ ይለወጣል። የሚዘምረው ለምእመናን ነው፤ የዘፈን አድናቂው እንደ ድሮው በሩ ላይ ከፍሎ እንዲገባ አይጠራም። ዲላን ግን ዝማሬውን የያዘው እዚያው ቲያትር ውስጥ፣ በዚያው የኮንሰርት አዘጋጅ በቢል ግራሃም በኩል፣ ለዚያው አድናቂ ቲኬት ሸጦ ነው። ቅያሜው የመነጨው ከእምነቱ ይልቅ ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

ሌላም ልዩነት አለ። እኛ ጋ አዲስ ዘፈን ለአድማጭ የሚደርሰው በካሴት፣ ኋላም በሲዲ፣ አሁን ደግሞ በስልክ ነው፤ ኮንሰርት ማለት ታዳሚው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ከዘፋኙ ጋር አብሮ የሚዘፍንበት ነው። አዲስ ነገር በቅጽበት የሚወደደው አዝማሪ ቤት ነው፤ እዚያም ቢሆን አዲሱ ግጥሙ ነው፣ ዜማው የታወቀ ነው። የአድማጭ ጆሮ አዲስ ነገር ሲቀበል የሚደገፍበት አንድ የሚያውቀው ነገር ይፈልጋል። በዋርፊልድ ዜማው የተገነባው የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን በሚያውቀው ስልት ነው፤ ጥሪና ቅብብል፣ እየጋለ የሚሄድ ድግግሞሽ፣ ሲያልቅ ተነሥቶ የሚያጨበጭብ ጉባኤ። አብዛኛው የሮክ ታዳሚ ግን ይህን ስልት አልለመደም። ስልቱን ያልለመደ ጆሮ ድግግሞሹን ስብከት ብሎ፣ ግለቱን ደግሞ ጩኸት ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። የዲላን አድናቂዎች ኮንሰርት በድብቅ የመቅረጽ ልማድ ስላላቸው የዋርፊልድ ካሴቶች ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል፤ በኖቬምበር 2017 ደግሞ «ትራብል ኖ ሞር» በሚል ርዕስ የዘመኑ ኮንሰርቶች በይፋ ታትመው ወጡ። በቅጂዎቹ ላይ ጩኸትም ፉጨትም አይጠፋም፤ የሚያይለው ግን ጭብጨባው ነው። ጋዜጣው የሳለው የተቆጣ አዳራሽ በድምፁ ውስጥ የለም። «ስሎው ትሬይን»ን ብንወስድ፣ በአልበሙ ላይ የማርክ ኖፍለር ጊታርና የትንፋሽ መሣሪያዎች አለስልሰውት የነበረው ዘፈን መድረክ ላይ ትንፋሹ ወጥቶለት ድራምና ኦርጋን ይገፉታል፤ ማስፈራሪያው የሚሰማው እዚህ ነው። «ዋት ካን አይ ዱ ፎር ዩ» በሚለው ደግሞ ግጥሙ ቀላል፣ እንዲያውም የልጅ ጸሎት የሚያህል ነው። ዲላን መጨረሻው ላይ ሃርሞኒካውን አንሥቶ ረጅም ረጅም ኖታ ሲስብ ግን ግጥሙ ያልቻለውን ይናገራል። በአንጻሩ ስለ እንስሳት ስም አወጣጥ የሚናገረው ዘፈን እዚህም እዚያም ያው ተራ ቀልድ ነው፤ አዳራሹ የሳቀለት እረፍት ስለሰጠው ይመስለኛል።

ከስምንቱ አዳዲስ ዘፈኖች ሰባቱ በጁን 1980 «ሴቭድ» በተባለው አልበም ወጡ። ዲላን ለወራት መድረክ ላይ ሲያግላቸው ከርሞ በፌብሩዋሪ ስቱዲዮ ሲገባ ግለቱ ከውጭ ቀርቷል። አልበሙ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ከ24ኛ ደረጃ አላለፈም። ከዚህ የተነሣ አልበሙን ብቻ የሰማ ሰው የጋዜጦቹን ፍርድ ቢያጸድቅ ምክንያት አለው፤ የተሻለው ማስረጃ በካሴት ሰብሳቢዎች መሳቢያ ውስጥ ነበር።

አድናቂው ፖል ዊሊያምስ ለዚህ ጥናት ከሁሉ የሚጠቅም ምስክር ነው። ገና በ17 ዓመቱ፣ በ1966፣ «ክሮዳዲ» የተባለውን የሮክ ሂስ መጽሔት የመሠረተ ሰው ነው። ወደ ዋርፊልድ ሰባት ምሽት ተመላለሰና «ዲላን፦ ዋት ሃፕንድ?» የሚል አነስ ያለ መጽሐፍ በጥድፊያ ጻፈ። የመጽሐፉ ዋጋ በጥድፊያው ላይ ነው። ዊሊያምስ አማኝ አልሆነም፤ ስብከቱም አላሳመነውም። የገባበት ጥያቄ ይህን የምወደውን ሰው ምን ነካው የሚል ነው፤ መልሱንም በዲላን የትዳር መፍረስ በኩል ይፈልጋል፤ ዲላን ቀድሞ ከሴት ፍቅር ይጠብቀው የነበረውን መዳን አሁን ወደ ክርስቶስ አዛወረው የሚል ነው። ይህ ትንታኔው ለእኔ ጠባብ ነው፤ የሰውን እምነት በፍቺ ወረቀት መተርጎም የሐያሲ አቋራጭ መንገድ ነው። ሆኖም ከመጽሐፉ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። አንዱን ትርኢት ደጋግሞ በመስማቱ ጆሮው ከሌለው ዘፈን ወደ ተዘፈነው ዘፈን ተመልሷል። የጋዜጣው ሐያሲ በአንድ ምሽት ማዘን ብቻ ሲደርሰው፣ ዊሊያምስ ግን ሐዘኑን ጨርሶ ማዳመጥ ጀመረ።

ቅሬታው ሁሉ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዋርፊልድ ከወጣ በኋላ፣ በኖቬምበር መጨረሻ፣ አሪዞና ውስጥ ቴምፒ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ዲላን ከሚጮሁ ወጣቶች ጋር ቃል ተመላለሰ፤ ሮክ የምትፈልጉ «ኪስ» የተባለውን ባንድ ሄዳችሁ እዩ፣ እየዘለላችሁም ወደ ጥልቁ መውረድ ትችላላችሁ የሚል ነገር ተናገራቸው። እዚህ ላይ ፍርዴ ከታዳሚው ጋር ነው። አዲስ ዘፈን ይዞ የቀረበ ደራሲ አድማጩ እንዲታገሠው የመጠየቅ መብት አለው፤ ያልታገሠውን ግን ለሲኦል የማጨት መብት የለውም። በዋርፊልድ ንግግሩ አጭር ነበር፤ ዘፈኖቹም እንደ ዘፈን ተሰሙ። ከዚያ በኋላ ግን ስብከቱ በረዘመ ቁጥር ዘፈኖቹ የስብከቱ ማሳረጊያ ሆነው ቀሩ።

በኖቬምበር 1980 ዲላን ወደዚያው አዳራሽ ተመለሰ። አሁን አሮጌዎቹ ዘፈኖች ተጨምረዋል፤ ጊታር ተጫዋቾቹ ካርሎስ ሳንታና፣ ጄሪ ጋርሲያና ማይክ ብሉምፊልድ በየተራ እንግዳ ሆነው መድረክ ወጡ። ውሉ ታድሷል ማለት ይቻላል። ኖቬምበር 12 ምሽት ላይ ዲላን አንድ አዲስ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት ስለ ቀድሞው የብሉዝ ዘፋኝ ስለ ሌድቤሊ አወራ። ሌድቤሊ መጀመሪያ የእስር ቤት ዘፈኖችን ይጫወት እንደነበር፣ ኋላ የልጆች ዘፈን መጫወት ሲጀምር ሰዎች ተለወጠ እንዴ ብለው እንደጠየቁ፣ አንዳንዱ አሮጌውን ሌላው አዲሱን እንደወደደ፣ ሰውየው ግን ያው ራሱ እንደነበረ ተናገረ። ከአንድ ዓመት በፊት ለደረሰበት ትችት በአደባባይ የሰጠው ሙሉ መልስ ይህ ነው፤ ለአድናቂዎቹም ከስብከቱ ሁሉ የበለጠ አክብሮት ያሳየበት ነው።

ከዚያ የተጫወተው «ካሪቢያን ዊንድ»ን ነው፤ ፖል ዊሊያምስ እንዲጫወትለት የጠየቀውን። የስቱዲዮ ቅጂው በ1985 «ባዮግራፍ» በተባለው ስብስብ ታትሟል፤ ዲላን ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ዘፈኑን በየትኛውም ኮንሰርት ላይ አልደገመውም።