መዋጮና ነገረ ሥጋዌ

የጳውሎስን መልእክታት ሳስተምር አስቀድሜ የምከለክለው ጥቅስ መምዘዝን ነው። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በቅዳሴ ዲያቆኑ ከጳውሎስ፣ ንፍቁ ዲያቆን ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክታት የዕለቱን ክፍል ብቻ ያነባሉ፤ ጆሯችን ያደገው በቁራጭ ነው። ለጸሎት መልካም ነው፣ ለጥናት ግን አይበቃም። ቁጥሮቹንም ቢሆን ሐዋርያው አላስቀመጣቸውም፤ የአሁኖቹ የመጡት ሮበርት ኤስትየን የተባለ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ካወጣው የግሪክ አዲስ ኪዳን ነው።

ሁለተኛ ቆሮንቶስ 8፥9ን እንይ። ክርስቶስ ባለጠግነቱን ትቶ ስለ እኛ መደኽየቱን ይናገራል፤ ነገረ ሥጋዌ ሲነሣ ሳይጠቀስ አያልፍም። ከላይና ከታች ያለውን ተማሪዎቼን ሳስነብባቸው ግን ወሬው ሁሉ ገንዘብ ነው። በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች መዋጮ ይሰበሰባል። የቆሮንቶስ ሰዎች ካምና ጀምረው አልጨረሱም፤ የመቄዶንያዎቹ ደግሞ በድህነታቸው ከአቅም በላይ ሰጥተዋል። ጳውሎስ ቲቶን ይልካል፤ በገንዘቡ ማንም እንዳያማው ብሎም አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ ያደርጋል። ዛሬ ቢሆን ኦዲተር እንለው ነበር።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ቅር ይላቸዋል፤ እንዲህ ያለ ቃል መዋጮ ለማስጨረስ? እኔ ግን ቃሉ የሚከብደው እዚህ ነው እላለሁ። ጳውሎስ አያስረዳም፣ አይከራከርም፤ እንደምታውቁት ብሎ ያልፋል። መልእክቱ የተጻፈው ከስቅለቱ 30 ዓመት ሳይሞላ ነው። ሰዎቹ ገና ያላመኑበት ነገር ቢሆን ኖሮ ገንዘብ አያስወጣቸውም ነበር።

ፊልጵስዩስም እንደዚያው ነው። ምዕራፍ 2 ስለ ክርስቶስ መዋረድና መክበር የሚለውን ያነበበ፣ ምዕራፍ 4 ላይ ያልተስማሙትን ኤዎድያንና ሲንጤኪን ያገኛል። (በስም ተጠርቶ በጉባኤ ፊት መመከር፣ ያውም በደብዳቤ!) ያ ሁሉ የተጻፈው ለሁለቱ ሴቶች ብቻ ነው አልልም፤ እንዲስማሙ የሚለምነው ልመና ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው።

ቃሉን ከተጻፈበት ጉዳይ ጋር የማነብበት ይህ አካሄዴ የማይሠራበት መልእክት ኤፌሶን ነው። ጳውሎስ እዚያ ከተማ ሦስት ዓመት ተቀምጧል፤ በመልእክቱ ግን አንድም ሰው በስም ሰላም አይልም። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተገለበጠው ፓፒረስ 46ን ጨምሮ በጥንታውያኑ ቅጂዎች መግቢያው ላይ የከተማዋ ስም እንኳ የለም። ብዙ ሊቃውንት በየከተማው እንዲዞር የተጻፈ ነው ይላሉ፤ እኔም ወደዚያው አደላለሁ። ጠብ፣ ዕዳ፣ መዋጮ ቢፈለግ አይገኝም። ያኔ ተማሪዎቼን ወደ መጨረሻው ገጽ እወስዳቸዋለሁ፤ ጳውሎስ የሚልከው ቲኪቆስ አለ። የጳውሎስን ወሬ ሁሉ ለመልእክቱ ተቀባዮች በቃሉ የሚነግራቸው እሱ ነው፤ የቆላስይስም መልእክት ስለ እሱ ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ቆላስይስን ጎኑ ዘርግተን ሁለቱን አብረን እናነባለን።