ራማት ሃናዲቭ፦ ከአበባው ባሻገር ያለው ቤት

በቀርሜሎስ ተራራ ደቡባዊ ጫፍ፣ በዝክሮን ያዕቆብ አጠገብ የሚገኘው ራማት ሃናዲቭ ለቤተሰብ የዕረፍት ቀን የተመቸ ስፍራ ነው። ስሙ «የለጋሱ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ ለጋሱም ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሽልድ (1845–1934 እ.ኤ.አ.) ነው። የእርሱና የባለቤቱ አጽም በ1954 ከፈረንሳይ መጥቶ በአትክልቱ ስፍራ አርፏል። አትክልቱ ውብ ነው፤ ዓይነ ስውራን በሽታ እንዲደሰቱበት የተተከለው የመዓዛ ክፍልም ምስጋና ይገባዋል።

ሆኖም ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ምሳ በልቶ ከአበባው ሳያልፍ የሚመለስ ቤተሰብ ብዙ ነው። እኛ የምንነቅፈው ይህን ልማድ ነው። በእግር መንገዱ ትንሽ ቢቀጥሉ፣ የባሕሩን ዳር ሜዳ ቁልቁል የሚያይ ጥንታዊ የባላገር ቤት ያገኛሉ። ሖርባት ዓቃብ ይባላል። በ1980ዎቹ ይዝሃር ሂርሽፌልድ የተባሉት የከርሰ ምድር ጥናት ሊቅ ቆፍረው አወጡት። እዚያ የመንጻት መጥለቂያ፣ የወይን መጥመቂያና የዘይት መጭመቂያ አለ።

በዚህ ቤት አስተማሪዋ አያት ናት። ለመንጻት ወደ ወንዝ የወረደች፣ በእጇ ወፍጮ የፈጨች እርሷ ናትና። በከተማው ቋንቋ አጥሯት ዝም ያለች እናት እዚህ የልጅ ልጆቿን ጥያቄ ትመልሳለች።

ግን አንድ ነገር እንጠንቀቅ። መጥለቂያው የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን አይሁድ ነው፤ መጥመቂያውና መጭመቂያው ግን ከዘመናት በኋላ፣ በቢዛንታይን ዘመን በዚያው ስፍራ ከተሠራው ቤት ናቸው። ሁሉንም ደባልቀን «የአባቶቻችን ነው» ብንል ልጆቹን እናሳስታለን። የቤተ እስራኤል ታሪክም ሌሎች እንደፈለጉ ሲደባልቁት ኖሯል፤ እኛ የጠላነውን በሌላው ታሪክ ላይ አናድርግ።

ደግሞም የቤቱን ጌታ ብቻ አናድንቅ። በኢትዮጵያ ርስት ተነፍጎ የሌላውን መሬት እየገበረ ያረሰ ወገን፣ «የመጭመቂያውን ድንጋይ ማን አዞረው?» ብሎ መጠየቅ ያውቃል። ይህን ጥያቄ ለልጆቻችን እናውርሳቸው፤ ጉብኝቱም ያኔ ትምህርት ይሆናል።