ሦስተኛው ምስክር

ለቪዲዮ ጌም ምልልስ የሚጽፍ ሰው በየስክሪፕቱ የሚያጋጥመው አንድ ዓይነት ንግግር አለ። ሁለት ወንድማማቾች እየሄዱ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ታላቅየው «አባታችን የዛሬ 10 ዓመት እዚህ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ ከሞተ ወዲህ ወደዚህ መንደር ተመልሰን አናውቅም» ይላል። ለማን ነው የሚናገረው? ታናሹ እንደሆነ ቀብሯል፣ ሐዘን ተቀምጧል፣ ተዝካር አውጥቷል። ነገሩ የተነገረው ጆይስቲክ ይዞ ሶፋ ላይ ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሞኝ ስላልሆነ ወዲያው ይነቃል።

እኔ ያንኑ እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦

«እኔ በዚህ አልሻገርም።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«እሱ እኮ ዋና ይችል ነበር።»

«ይችላል ያልከው አንተ ነህ።»

አባት የሚባል አልተጠራም፣ ዓመትም አልተቆጠረም። ሆኖም አንድ ሰው እንደሰጠመ፣ አንዱ ሌላውን እንደሚወቅስ፣ ጠቡም ዛሬ እንዳልተጀመረ ተጫዋቹ ያውቃል። በዚያ ላይ ልብ ወለድ የማይሰጠኝ ነገር እዚህ አለ፤ ወንዙን መሻገር ያለበት ተጫዋቹ ራሱ ነው። አውራ ጣቱን ጆይስቲኩ ላይ እንዳሳረፈ ለአፍታ ያመነታል። ያቺን ማመንታት በወረቀት ላይ ስንት ገጽ ብጽፍ አላገኛትም።

ሰዎች አብረው ያሳለፉትን ሲያነሱ መረጃ አይለዋወጡም። ይካሰሳሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ የራሳቸውን ድርሻ ከፍ የሌላውን ዝቅ ያደርጋሉ። በፊልምና በቲያትር ይህን የሚያደርጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቹ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። በጌም ግን ሦስተኛ ምስክር አለ። ሃያኛው ሰዓት ላይ የደረሰ ተጫዋች ከገጸ ባሕርያቱ ጋር የኖረው ኑሮ አለው፤ በጭንቅ ጊዜ ማን እንደደረሰለት፣ ማን ጥሎት እንደሸሸ ያውቃል። ስለዚህ ጸሐፊው ሁለት ዓይነት ትዝታ ይይዛል፤ ተጫዋቹ ከመምጣቱ በፊት የነበረውንና ተጫዋቹ ራሱ የነበረበትን።

ለመጀመሪያው ዓይነት ደጋግሜ የምመለሰው ኖቲ ዶግ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በ2016 ወዳወጣው «አንቻርትድ 4» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ኔታን ድሬክ፣ ሞቷል ብሎ 15 ዓመት ሙሉ ያመነው ወንድሙ ሳም፣ እና አዛውንቱ ወዳጁ ሰሊ በአንድ ጂፕ ማዳጋስካርን ያቋርጣሉ። መሪውን የያዘው ተጫዋቹ ነው። ሦስቱ እያወሩ ሳለ ፍርስራሽ ካየ ጂፑን አቁሞ መውረድ ይችላል፤ ወሬው ይቋረጣል። ተመልሶ ሲገባ ከመካከላቸው አንዱ ስለ ምን ያወሩ እንደነበር ያስታውስና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ወሬው የት የት ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል ቀድሞ መወሰን፣ ለማቋረጫው አንድ ለመቀጠያው ሌላ ንግግር መጻፍ፣ ተዋናዮቹንም ሁሉንም ማስቀዳት ይጠይቃል። በብዙ ጌሞች ወሬው በተኩስ ድምፅ ተቆርጦ እዚያው ይቀራል። ለእኔ በዚያ ምዕራፍ የሦስቱን ቅርበት ያሳመነችኝ ከወሬው ይዘት ይልቅ ያቺ መቀጠያ ናት። ቡና ላይ ሰው ገብቶ የተቋረጠ ወሬ እንግዳው ሲወጣ «ምን ላይ ነበርን?» ተብሎ እንደሚቀጥለው ነው፤ ወሬን አስቀምጦ መልሶ ማንሳት የሚችሉት የቆዩ ሰዎች ብቻ ናቸው። በፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ሊስቅ ይችላል፤ በየጨዋታው እየተከፈለ ኳስ በሚጫወቱበት ቤት ጂፕ አቁሞ ፍርስራሽ የሚጎበኝ ሰው ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ተጫዋቹ ራሱ የነበረበት ትዝታ ሌላ ጣጣ አለው። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ስቱዲዮ ሦስቱን የ«ማስ ኢፌክት» ጌሞች በ2007፣ በ2010 እና በ2012 አወጣ፤ ተጫዋቹ ያስቀመጠው ፋይል ውሳኔዎቹን ይዞ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። በሦስተኛው ጌም ጋላክሲው በጦርነት እየነደደ ሳለ ተጫዋቹ የሚመራው አዛዥ ሼፐርድና ወዳጁ ጋረስ መውጣት የተከለከለበት ከፍታ ላይ ወጥተው ጠርሙስ እየወረወሩ ይተኩሳሉ። ከሁለቱ ማን ይበልጣል? ተራው ሼፐርድ ላይ ሲደርስ ጌሙ ተጫዋቹን ያስመርጠዋል፤ ጠርሙሱን ይምታ ወይስ ሆን ብሎ ይሳት?

ምርጫው በጦርነቱ ላይ የሚለውጠው አንዳች ነገር የለም። ጋረስን ከመጀመሪያው ጌም ጀምሮ የሚያውቅ፣ በሁለተኛውም ፊቱ በሮኬት ሲቆስል አጠገቡ የነበረ ተጫዋች ግን እዚህ ላይ ቆም ይላል። ለወዳጁ ሲል ይሸነፍ? ወይስ እንዲህ ያለው ምጽዋት ወዳጁን መናቅ ይሆናል? ይህን የሚያስጠይቀው አብረው ያሳለፉት ዘመን ነው፤ ስለ ዘመኑ ብዙ ማውራት ግን አላስፈለጋቸውም። በሦስተኛው የጀመረ ተጫዋች ጠርሙሱን ተኩሶ ያልፋል፤ ይለፍ። ጋረስ ሁለተኛው ጌም ላይ ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ትዕይንቱ ጨርሶ የለም። አንዳንዱ ሰው ፈጽሞ ለማያየው ነገር ይህን ያህል መልፋት ለብዙ ደራሲ እብደት ነው።

ጌም በራሱ አያስታውስም፤ አስታውስ ሊባል ይገባል። ፕሮግራመሩን «ይህን መዝግብልኝ» የምለው እያንዳንዱ ነገር አዎ ወይም አይደለም የሚል ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። አዳዲስ ጸሐፊዎች የሚያስመዘግቡት ትልልቁን ነው፤ ማን ሞተ፣ ከተማዋ ተቃጠለች ወይስ ተረፈች። እኔ ትንንሹን እወዳለሁ። ባልደረባው ሲያነክስ ተጫዋቹ ጠብቆታል ወይስ ጥሎት ሮጧል? የከተማዋን መቃጠል ተጫዋቹም ስለማይረሳው ቢነግሩት አይደንቀውም። ከብዙ ሰዓት በኋላ «ያኔ እንኳ ጠብቀኸኝ ነበር» ሲባል ግን፣ ማንም አላየኝም ብሎ ያደረገው ነገር ታይቶበት እንደነበር ይረዳል። አንዳንዴ ደስ ይለዋል፤ አንዳንዴ ያፍራል። ሁለቱም ይጠቅሙኛል።

በዚህ ሥርዓት የተካነው «ሄዲስ» ነው። ሱፐርጃየንት በ2020 ያወጣው ይህ ጌም ከ20 ሺህ በላይ የተቀዳ ንግግር ይዟል፤ ተጫዋቹ ሞቶ ወደ ቤቱ በተመለሰ ቁጥር ከዚያ ክምችት ለሆነው ነገር የሚስማማው እየተመረጠ ይነገረዋል። እኔን የሳበኝ ግን የአኪሊስና የፓትሮክለስ ነገር ነው። ሁለቱም ሞተዋል፤ በሙታን ዓለም ሳይቀር ተለያይተዋል። አንዱን የጋራ ሕይወታቸውን ለየብቻቸው ለተጫዋቹ ያወሩታል፤ ፓትሮክለስ መጀመሪያ ላይ ስሙን እንኳ አይናገርም። ተጫዋቹ የአንዱን ቃል ለሌላው እያደረሰ፣ ምስክር ሆኖ ገብቶ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል።

ያለፈውን ራሱ ተጫዋቹ እንዲወስን የሚተዉ ጌሞችም አሉ። ዶንት ኖድ በ2025 ባወጣው «ሎስት ሬኮርድስ» ውስጥ በ1995 የትምህርት ቤት ዕረፍት የተዋወቁ ሴቶች ከ27 ዓመት በኋላ መጠጥ ቤት ተገናኝተው ያንን ጊዜ ያነሳሉ። ዛሬ የሚመረጠው መልስ ለያኔው ጊዜ መልክ ይሰጠዋል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ በልክ ካልተያዘ ግን ያስፈራኛል። ተጫዋቹ ያለፈውን እንዳሻው ማበጀት ከቻለ ባልንጀራው የሚሟገትበት ነገር አይቀረውም፤ ለሁሉም «አዎ ልክ ነህ» የሚል አሻንጉሊት ይሆናል። በእኔ ዘንድ ተጫዋቹ የተሰማውን ይመርጣል፤ የሆነውን አይመርጥም። አባት ሰጥሞ ከሆነ ሰጥሟል። ያኔ ፈርተህ ነበር ወይስ ተናደህ? ይህ የአንተ ነው።

ከሁሉ የምቀናበት ትዕይንት ግን ጸሐፊው ዝም ያለበት ነው። በ«ፋይናል ፋንታሲ 15» (2016) አራት ወጣቶች በጥቁር መኪና አገር ያቋርጣሉ። ከአራቱ አንዱ ፕሮምፕቶ ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ ቀኑን ሙሉ ያነሳውን ማታ ድንኳን ተክለው ሲያርፉ ያሳያል፤ ተጫዋቹም የወደደውን መርጦ ያስቀምጣል። ፎቶዎቹን የሚያነሳው ጌሙ በራሱ ስለሆነ ብዙዎቹ የተበላሹ ናቸው፤ ፊቱ ግማሹ የተቆረጠ፣ ቁጥቋጦ የከለለው፣ ጭራቅ እየሸሸ አፉን የከፈተ። ታሪኩ ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ውጊያ ደጃፍ ላይ፣ ከአራቱ አንዱ የሆነው ንጉሡ ኖክቲስ አንድ ፎቶ ይዞ ለመሄድ ይጠይቃል። ተጫዋቹ አልበሙን ማገላበጥ ይጀምራል። በዚያች ደቂቃ ማንም «ታስታውሳለህ?» አይልም፤ ተጫዋቹ ብቻውን ያስታውሳል፣ ራሱም መርጦ ባቆየው ፎቶ። ከውጊያ በፊት እሳት ዳር ተቀምጦ ትዝታ ማውራት በእኛ ሙያ እጅግ ያረጀ ዘዴ ነው፤ የልጁን ፎቶ አውጥቶ ያሳየ ወታደር ከዚያ ሌሊት እንደማያልፍ ተጫዋቹ ሁሉ ያውቃል። ይህኛው ከዚያ የዳነው ፎቶው የተጫዋቹ በመሆኑ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ አልበም ስለሌለኝ ትዝታውን ሥራ መሀል እጥለዋለሁ። ነዳጅ ሲቀዳ፣ አሳንሰር ሲጠበቅ፣ ቁስል ሲታሰር። ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል፤ ተጫዋቹም ልብ እንዲነካው መዘጋጀቱን አያውቅም። ማዳመጡንም ግዴታ አላደርገውም። በ2013ቱ «ዘ ላስት ኦፍ አስ» ተጫዋቹ የሚመራው ጆኤል አብራው የምትጓዘውን ኤሊን እንዲያነጋግር የሚጋብዝ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ቁልፉን ያልተጫነ ያልፈዋል። ቆሞ የጠየቀ ሰው የሚሰማውን መልስ የራሱ ያደርገዋል።

ጣጣው በጀት ላይ ይመጣል። የድምፅ ቀረጻው ቀን ሲቃረብ ንግግር መቀነስ ግድ ነው፤ መጀመሪያ የሚሰረዙትም እነዚህ የትዝታ ንግግሮች ናቸው፣ ቢወጡ ሴራው አይናጋምና። ያለ እነሱም ጌሙ ይጠናቀቃል፤ ይህን መካድ አልችልም። ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ራሴ አጣራለሁ። ንግግሮቹ በተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ላይ ከእያንዳንዱ የትዝታ ንግግር ጎን አንድ ዓምድ አለኝ፤ ከሁለቱ ነገሩን አሳስቶ የሚያስታውሰው ማን እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። ዓምዱ ባዶ ከሆነ ንግግሩን እኔው እሰርዘዋለሁ። ስም የተጻፈባቸውን ይዤ ወደ ስብሰባው እገባለሁ፤ ለእነሱ እከራከራለሁ።