ቃል የሌለው ዜማ፦ «ቼ በለው» እና የሰምና ወርቅ ንባባችን

ከእንጦጦ አናት ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሂልተን ሆቴል ቅርብ ይመስለዋል። በደርግ ዘመን ግን ማታ ሆቴሉ የገባ ታዳሚ ሰዓት እላፊው ሳይነሣ ወደ እንጦጦ ግርጌም ሆነ ወደ ሌላ ሰፈር መመለስ አይችልም ነበርና እዚያው ያነጋል፤ ዋልያስ ባንድም ሲጫወትለት ያድራል። ኃይሉ መርጊያና ባንዱ የተጫወቱት «ቼ በለው» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1977፣ ቀይ ሽብር በአዲስ አበባ በተፋፋመበት ዓመት ነው። አልበሙ በአመዛኙ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ነው።

የዘመኑን ሙዚቃ የምናጠና የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የለመድነው መንገድ አለ። ከግጥሙ የፍቅሩን ሰም ገፈን የፖለቲካውን ወርቅ እናወጣለን፤ ሳንሱር ቅኔን ወለደ እንላለን። እኔም ይህንኑ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ይሁንና ሰም የሚሆን ቃል ከሌለ ወርቁ ከየት ይመጣል?

አንዳንዶች የቃሉን አለመኖር ራሱን እንደ ተቃውሞ ይቆጥሩታል። ያለ ግጥም የተሠራ ሙዚቃ ለሳንሱር የሚቆረጥ ስንኝ እንዳልሰጠ እሙን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዝምታውን ተቃውሞ ማለት ግን ችኮላ ይመስለኛል። የተጻፈልን ቃል አርእስቱ ነው። «ቼ» ፈረስ የሚነዳበት ድምፅ ነው፤ ሽለላንና ፉከራን ያስታውሳል። ጋላቢው ማን ነው? የሚጋልበውስ ወዴት ነው? በዚያ ዓመት የዘመተ ወታደር፣ የተደበቀ ወጣት፣ ልጁን ያጣ አባት በዚሁ ዜማ ላይ የየራሱን ቃል ሊያኖርበት ይችላል። ዜማው ለአንዳቸውም አይመሰክርም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሳለ ኃይሉን ጨምሮ የተወሰኑ አባላቱ እዚያው ቀሩ። ይህን ውሳኔ ወደ ኋላ ወስደን ከ1977ቱ ዜማ ውስጥ እናንብበው ማለት፣ በእኔ እምነት፣ የምንሰማውን ትቶ መስማት የምንሻውን መጻፍ ነው።

ጉዳቱ በሙዚቃው ብቻ አያበቃም። ወርቅ ያገኘንለትን ሙዚቀኛ ጀግና ስንል፣ በቀበሌ ኪነት ቡድን ለአብዮቱ የዘፈነውን አድርባይ ወደ ማለት እንሄዳለን። ሁለቱም ግን በአንድ ሰዓት እላፊ ሥር ያመሹ፣ በሙያቸው እንጀራ የበሉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ዜማውን፣ ቅንብሩንና የተጫወቱበትን ሌሊት ማጥናት ይገባናል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ግን የሰምና ወርቅ ትምህርታችን ብቻውን አልሰጠንም።